እናት አንብባ ምን ታድርግ?

ለወላጆች በምትልኪው መልእክት ላይ ያንን የመጀመሪያ አንቀጽ አጥፊው፣ እህቴ። «ትምህርት ቤታችን በድል ጎዳና ላይ እየገሰገሰ መሆኑን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል» የሚለውን ነው የምልሽ። ደስታው እውነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከጎባ በላይ ያለች እናት ይህን አንብባ ምን ታድርግ? ልጇ ሰኞ ስንት ሰዓት ቤት እንደምትገባ ገና አልነገርሻትም። ወንበርሽን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝና ከላይ እስከ ታች አብረን እንየው።

መጀመሪያ ለማን እንደምትጽፊ ይግባሽ። አንድ የባሌ ሮቤ ዙሪያ ገበሬ ልጁን ወደ ስፖርት ትምህርት ቤት ሲልክ የሚሰጠው ልጁን ብቻ አይደለም። ውኃ የምትቀዳውን፣ ከብት የምታስገባውን፣ ታናናሾቿን የምትይዘውን እጅ ነው የሚሰጠው። ያንን ጉድለት እናቷ በየቀኑ በራሷ ጉልበት ትሞላዋለች። ስለዚህ በየሳምንቱ የምትልኪላት ወረቀት የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሳይሆን ለእሷ የሚቀርብ ሒሳብ ነው። ልጅሽ በዚህ ሳምንት ይህን ሠራች፣ እንዲህ ሆነች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይህ ይጠብቃታል፣ ከአንቺ ደግሞ ይህ ያስፈልገናል። ይህን አራት ነገር ያልያዘ መልእክት፣ ፊደሉ ምንም ቢያምር፣ ባዶ ነው።

አሁን ሰዓቱን እንይ። «ቅዳሜ 2:30 ጎባ ላይ ውድድር አለ» ብለሻል። የጠዋት ነው የከሰዓት? በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የውድድሩ መርሐ ግብር ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈውን እንዳለ ገልብጠሽው? «ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል» ብለሽ በፊደል ጻፊው፣ ማንም አይሳሳትም። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአስፋልት ቅርብ ይመስላል፣ መኪና ለሚጠብቅ ልጅ ግን ሩቅ ነው። መኪናው ከየት፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ለብቻው ይጻፍ፤ ሲመለስ የት እንደሚያወርዳቸውም እንደዚያው። የመመለሻውን ሰዓት በተለይ እንዳትረሺ። የሴት ልጅ እናት ከሁሉ በፊት በዓይኗ የምትፈልገው እሱን ነው። ከመናኸሪያ እስከ መንደር የሚሸኛት ሰው ያስፈልግ እንደሆነ የምታውቀው በእሱ ነው።

ልምምዱ የተጨመረበትን ቀን ደግሞ ከእርሻው ጋር አስተያይተሽዋል? ባሌ በዓመት ሁለቴ የሚዘራበት አገር ነው፤ የጋናው አዝመራ አለ፣ የቦናው አለ። ስንዴው ደርሶ ቤተሰቡ የኮምባይነር ተራ እየጠበቀ፣ ሰማዩ ደግሞ እየጠቆረ «ከነገ ጀምሮ ጠዋትም ማታም ልምምድ አለ፣ መቅረት አይቻልም» የሚል ወረቀት ሲደርስ አባት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህ ሰዎች አያውቁንም። ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። የአጨዳ ሰሞን አንዱ ልምምድ የሚቀልበት መንገድ ካለ ይፈለግ፤ ከሌለም ምክንያቱ ይጻፍ፤ ማጣሪያው በዚህ ቀን ነው፣ ዝግጅቱ ከተቋረጠ ይህ ይጎድላል ተብሎ። ገበሬ ምክንያት ሲነገረው ይረዳል። ረመዳንና ዐቢይ ጾምም እንደዚሁ ናቸው። የሚጾሙ ልጆች ልምምዳቸው ወደ ስንት ሰዓት እንደሚዞር፣ ጫናው እንዴት እንደሚቀንስ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ይነገር። ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ቢነገር ልጁ ወይ ደብቆ ይበላል ወይ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

ስለ ውሻ ምንም አልጻፍሽም። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጆቹ ልምምድ የሚወጡት ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ ያደረ ውሻ ያን ጊዜ አልታሰረም፤ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ደግሞ ይከተላል። የባሌ ሰው የእብድ ውሻ በሽታን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮውን የፈጀው እሱ ነው፤ ከመንደር ውሻ የተላለፈ በሽታ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የሚሮጡበትን መንገድ በስሙ ጻፊና በዚያ መስመር ያላችሁ ቤተሰቦች ውሻችሁን እስኪነጋ እሰሩ በይ። ቀጥለሽ፦ ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፣ ክትባቱ ይጠየቅ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት መሞከር የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ እንኳ መጀመሪያ ክትባቱን ያስወጋ። ቁጣ የሌለበት፣ ግልጽ አድርገሽ ጻፊው። ልጆች ሲነከሱ የሚደብቁት «ከእንግዲህ አትሮጥም» እንዳይባሉ ፈርተው ነው፤ እናንተ እንደማታስቀሯቸው ቤተሰቡም ልጁም ከወረቀትሽ ይወቁ።

«ልጆች የተመጣጠነ ምግብ እንዲመገቡ እናሳስባለን» ያልሽውን ሰርዢው። በሮቤ ገበያ የተመጣጠነ የሚባል እህል አይሸጥም። ምን እንደሆነ ንገሪያት። ልጅሽ ከልምምድ ስትገባ ሳትቆይ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የሚበላ ነገር ታግኝ፤ ገንፎ፣ በሶ በወተት፣ እንጀራ በምስር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለው ሁሉ ይሆናል። ትምህርት ቤት ስትሄድ ደግሞ ቆሎ በኪሷ ይያዝላት። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይሁን፤ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዱታል። ሯጭ ልጃገረድ ደግሞ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ አይረን ያስፈልጋታል። እንዲህ ሲባል እናት ማድረግ ትችላለች፤ ብዙው በቤቷ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ አፍረሽ እንደዘለልሽው ገብቶኛል። የወር አበባ። የምትሮጥ ልጅ በደንብ ካልበላች የወር አበባዋ ይቀራል፤ ብዙ ልጆችም፣ አንዳንድ አሠልጣኞችም «ጥሩ ነው፣ ለሩጫ ይመቻል» ይላሉ። ጥሩ አይደለም። ሰውነቷ የሚገባውና የሚወጣው እንዳልተመጣጠነ እየተናገረ ነው፤ ችላ ከተባለ አጥንቷ ይሳሳል፣ የእግሯ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ድካሙም አይለቃትም። ለሦስት ወር የቀረባት ልጅ ትመርመር። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል እዚሁ ቅርብ ነው። ግን ይህን በአጠቃላይ መልእክቱ ላይ ለሁሉም ቤት እንደ ትምህርት ጻፊው፤ የማንንም ልጅ የሚጠቁም ቃል አይግባበት። ስለ አንዲት ልጅ የሆነ ነገር ካለ ለእናቷ ብቻ ፊት ለፊት ይነገራል። ሕመምም፣ ጉዳትም፣ ያልተከፈለ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ትንሽ ከተማ ላይ አንድ መስመር ልጅን ለዓመታት ይከተላታል።

አሸናፊዎቹን ከላይ በትልቁ ደርድረሻቸዋል። አውርጃቸው። ደስታቸውን ልቀንስባቸው ብዬ አይደለም፣ ስማቸው ይጻፍ፣ ይገባቸዋል። ግን ቤተሰቡ እዚህ ሜዳ ላይ ምን ተስፋ እንደሚያደርግ አስቢው። አርሲ ጎረቤታችን ነው። ከዚያ የወጡት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ በማራቶን፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ቤጂንግ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ሲያመጡ እዚህ ያለ አባት ሁሉ ልጁን በሌላ ዓይን አየ። በአርሲዋ በቆጂ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ከአንድ ትንሽ ከተማ ስንቱን እንዳወጡ የማያውቅ የለም። ግን እሳቸው ሜዳ ላይ በየጠዋቱ ሲሰለፉ ከነበሩት ውስጥ ኦሊምፒክ የደረሱት ጥቂት ናቸው፤ ሌሎቹም ልጆች ናቸው፣ የሚኖሩት ሕይወት አላቸው። የየሳምንቱ ዜናሽ ሜዳሊያ ብቻ ከሆነ ሜዳሊያ ያላመጣች ልጅ ቤት ውስጥ ምን ትባላለች? ስለዚህ ከውጤቱ አጠገብ ትምህርታቸውን አስገቢ። የሒሳብ ፈተናው መቼ ነው፣ ማጠናከሪያው በየትኛው ክፍል ይሰጣል፣ ለውድድር ሲሄዱ ያመለጣቸው ትምህርት እንዴት ይካካሳል። ሰዓቷን ያሻሻለችውን ልጅም ጻፊ፣ ስምንተኛ ብትወጣም። ያን ዜና የምትጠብቅ እናት አለች።

ፎቶውን ከመለጠፍሽ በፊት ቤተሰቡን ጠይቂ። የልጅ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደርና ፎቶ አንድ ላይ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ማን እንደሚያነበው አታውቂም። ደላላም ያነባል። «ውጭ አገር ውድድር አለ፣ ፓስፖርቷን አምጡ፣ ይህን ያህል ብር ክፈሉ» እያለ ወደ ቤት የሚመጣ ሰው አለ፤ ከዚያ ልጅቷ ሩጫ ሳይሆን የሰው ቤት ሥራ ላይ ትገኛለች። በየጊዜው፣ በአንድ ሳምንት ብቻ ሳይሆን፣ ይህ መስመር ይደገም፦ ትምህርት ቤቱ በማንም በኩል ፓስፖርትና ገንዘብ አይሰበስብም፤ እንዲህ የሚል ሰው ከመጣ ደውሉልን። ከሱ ቀጥሎ ስለ መድኃኒት። ማንኛውም መርፌ፣ ክኒን፣ «ጉልበት ይሰጣል» የተባለ ዱቄት ለአሠልጣኙና ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድ። በአበረታች መድኃኒት ሕግ በሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ ሳላውቅ ነው ማለት ብዙ ጊዜ ከቅጣት አያድናትም።

የልደት ማስረጃ አምጡ ያልሽውም ማብራሪያ ይፈልጋል። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ብዙዎቹ ልጆች ሲወለዱ አልተመዘገቡም፤ ቤተሰቡ በኋላ ሄዶ ነው የሚያስመዘግበው። እዚያ ላይ ዓመቱ ወደ ፈረንጅ ሲዞር ስሕተቱ ይገባል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚጨመር የማያውቅ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጃል ወይም ያሳንሳል። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው በውድድሩ ዓመት ማብቂያ፣ በእኛ ታኅሣሥ 21 ወይም 22፣ ሃያ ያልሞላው ነው። ጥቂት ቀን ልዩነት ታመጣለች። «ዕድሜዋን ቀንሱላት» የሚል መካሪ ቢመጣ ቤተሰቡ እንዳይሰማው ምክንያቱን ጻፊለት፦ ትምህርት ቤት ላይ አንድ ዕድሜ፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ የሆነች ልጅ ሲደረስባት ውጤቷ ይሰረዛል፣ ስሟም ይበላሻል።

ወደ ሳነቴ የምትወጡበትን ቀን አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው። እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ልጆቹ ደገኛ ቢሆኑም እዚያ መሮጥ ሌላ ነገር ነው። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ደረቅ ቅያሪ፣ ስንቅ። ራስ ምታት የያዘው ልጅ ሳይደብቅ ይናገር፣ መኪናው ይዞት ይወርዳል በይ። ሌላው ይበቃል።

ከዚያ ቋንቋው። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይውጣ፤ አንዱ የሌላው ትርጉም እንዳይመስል እያንዳንዱን እንደ አፍሽ ጻፊው። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ያንኑ መልእክት በድምፅ ቅጂና ላኪው፣ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ የሰው ድምፅ ይሁን፣ ያንቺ ይሁን። ስልክ የሌለው ቤት ካለ ወረቀቱን የጎረቤት ልጅ ያድርስ፣ መድረሱንም ጠይቂ። በገበያ ቀን ዋዜማ ይድረስ፤ ለጫማም ለስንቅም የሚገዛ ነገር ካለ ገበያው ካለፈ በኋላ ቢነገር አይጠቅምም።

ታች ላይ «ከማጣሪያው ያላለፉ ተማሪዎች ስም ዝርዝር» ይላል። ይሄንን አትላኪው። ዝርዝሩ ከልጆቹ ቤት በፊት ጎረቤት ይደርሳል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስንት ቤተሰብ ናቸው? ስልኩን አንሺና ለእያንዳንዳቸው ደውዪ። ልጃችሁ በዚህ ዓመት አላለፈም፣ ትምህርቱ እዚሁ ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም፣ ጫማና ትጥቁ ይመለሳል ወይስ ለሱ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ምልመላ መሞከር ይችላል ወይ፤ ይህን ሁሉ ይጠይቁሻል፣ ስለዚህ ከመደወልሽ በፊት መልሱን ከአሠልጣኙና ከርዕሰ መምህሩ ያዢ። አባት ቢቆጣ ይቆጣ፣ ጨርሶ እስኪናገር ስሚው። እናት ካለቀሰች አትቸኩዪ። ልጁ በዚያች ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ካለ ስልኩን ስጡኝ በይና አንቺው አናግሪው። ሁሉንም ስትጨርሺ የቀረውን መልእክት ላኪ፤ ነገ ጠዋትም ቢሆን ይደርሳል።