የመንገዶች መያያዝና የከተማ መስፋፋት፦ ከቡጅ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

አንድ ከተማ ሲያድግ ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ የመንገዱ ስፋት ሳይሆን፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያደርሱ ስንት መንገዶች አሉ የሚለው ነው። ለዚህም በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት የምትገኘውን ትንሽ ከተማ ቡጅን እንመልከት።

በቅድሚያ መለኪያውን እንወቅ። በአንድ ሰፈር ያሉትን የመንገድ ቁራጮች ቆጥረን ለመጋጠሚያዎችና ለዝግ ጫፎች ድምር እናካፍላለን። 9 መጋጠሚያዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሦስት ረድፍ እንደ መረብ ቢያያዙ 12 ቁራጮች ይኖራሉ፤ ውጤቱ 1.33 ነው። እነዚሁ 9 ነጥቦች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ቢቀጣጠሉ ግን ቁራጮቹ 8፣ ውጤቱም 0.89 ይሆናል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ በኑሮ ላይ ከባድ ነው። በመረቡ አንድ መንገድ ቢዘጋ በሌላው ይዞራል፤ በቅርንጫፉ አንዱ ሲዘጋ ሰፈሩ ለሁለት ይቆረጣል።

በግንብ የታጠረው የቡጅ አሮጌ ከተማ ጠባብና ማለፊያ የሌላቸው መንገዶች የበዙበት ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ በመላው አካባቢ ከ13,000 በላይ ሕዝብ አለቀ። በቡጅ የፈረሱት ቤቶች መንገዶቹን ስለዘጉ፣ የሚሸሸው መውጫ፣ የሚረዳውም መግቢያ አጣ።

ከአደጋው በኋላ ሁለት እርምጃዎች ተወሰዱ፦

ሀ) ከግንቡ ውጭ አዳዲስ መስፈሪያዎች ተከፈቱ። ከተማዋ ወደ ዳር ተለጠጠች። መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሰፊ ቢሆኑም፣ ከገበያና ከሥራ ርቆ የሚሰፍር ሰው ርቀቱን በየቀኑ በገንዘቡና በጊዜው ይከፍለዋል።

ለ) በአሮጌው ከተማ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው የጉጃራት የከተማ ፕላን ሕግ መሠረት፣ የባለይዞታዎች መሬት ተጠቃልሎ እንደገና ተሸነሸነ። ከየይዞታው ለመንገድ የሚሆን ተቀነሰ። 30 ካሬ ሜትር ካልበለጠ ይዞታ ምንም አልተወሰደም፤ ከዚያ በላይ ግን ከ10 በመቶ ተነሥቶ በትልልቆቹ እስከ 35 በመቶ ደረሰ።

እዚህ ላይ መጤን ያለበት ነገር አለ። የተቆራረጠን መንገድ በኋላም ማያያዝ ይቻላል፤ ዋጋው ግን የሰው ግቢ ነው። ስለዚህ ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ የሚለው የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ባዶ ሜዳ ላይ በአንድ መስመር የሚቀየር ፕላን፣ ቤት ከተሠራ በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ያናጋል።

ለውይይት፦
1. የምታውቁትን ሰፈር ንድፍ ስላችሁ መለኪያውን አስሉ። የትኛው መንገድ ቢዘጋ ሰፈሩ ይቆረጣል?
2. የቡጅ አቀናነስ ፍትሐዊ ነበርን? ቤት ለሌለው ተከራይስ ምን ያስገኝለታል?