የላንድክሩዘር ቤንዚን ሞተር እድገትና የመለዋወጫ ትእዛዝ

የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ የመኪናውን ስም ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የሞተሩንም ትውልድ መለየት ይገባዋል። ለምሳሌ ያህል የቶዮታ ላንድክሩዘርን ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር እንመልከት።

በዚህ ሞተር ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። አየር የሚገባው ያለ ቱርቦ እርዳታ በፒስተኖቹ የመሳብ ኃይል ብቻ ነው። ፒስተኖቹ በየተራ ሲወጡና ሲወርዱ የአንዱ ግፊት የሌላውን ስለሚያመዛዝን ንዝረቱ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በላንድክሩዘር ላይ የዋለው ኤፍ የተባለው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 90፣ የፒስተኑ ጉዞ 101.6 ሚሊሜትር ነበር። በ1975 የተከተለው 2ኤፍ ጉዞውን ሳይለውጥ ስፋቱን ወደ 94 አሳደገ። በ1980ዎቹ የመጣው 3ኤፍ ስፋቱን እንዳለ ትቶ ጉዞውን ወደ 95 አሳጠረ፤ ጉዞው ሲያጥር ሞተሩ ፈጥኖ ለመዞር ይመቸዋልና። በ1992 የወጣው 1ኤፍዜድ ደግሞ ጉዞውን በ95 አጽንቶ ስፋቱን 100 አደረገ።

የሞተሩን መጠን ነጋዴው ራሱ ሊያሰላ ይችላል። ልኩን ወደ ሴንቲሜትር ለውጦ የስፋቱን እኩሌታ በራሱ ያባዛል፤ የተገኘውን በ3.1416፣ ቀጥሎም በጉዞውና በ6 ያባዛል። በዚህ ስሌት ኤፍ 3,878፣ 2ኤፍ 4,230፣ 3ኤፍ 3,955፣ 1ኤፍዜድ 4,476 ኩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናሉ።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤፍና 3ኤፍ ሁለቱም በግምት 4 ሊትር ይባላሉ፤ የፒስተናቸው ስፋት ግን በ4 ሚሊሜትር ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት ሥራው አንድ ጊዜ «ለ4 ሊትር ቤንዚን ላንድክሩዘር ፒስተን» ብሎ ትእዛዝ ጻፈ። ላኪው ባለ 90ውን ላከ፤ የደንበኛው ሞተር ግን 3ኤፍ ነበር። ጥፋቱ የላኪው ሳይሆን የደብዳቤው ነው። በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ የደንበኛውም መኪና ቆሞ ከረመ።

በ2ኤፍና በ3ኤፍ መካከልም ስፋቱ አንድ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጉዞው ስለ ተለወጠ ክራንክሻፍቱ ሌላ ነው።

ስለዚህ ፕሮፎርማ ከመጠየቁ በፊት የሞተሩ መለያና ቁጥር፣ የሻንሲው ቁጥርና የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ይጻፍ። ሲሊንደሩ ተፍቆ ሰፍቶ እንደ ሆነም የሰፋበት ልክ ይጨመር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፣ ከማዘዝም መለካት ይቅደም።