የፈለኮች ጉዞ በዜማና በሥዕል

በአወቱ መንደራ ሰማዩ ሲጠራ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው ፈለኮችን በጸጥታ ሲጓዙ ያያል። ይህን ጸጥታ ወደ ዜማ መለወጥ ይቻላልን?

ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1619 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መርምሯል። ፈለክ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ይፈጥናል፤ ሲርቅ ይዘገያል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁን ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ አድርጎ በኖታ ጻፈው። የምድር ልዩነት 16 ለ15፣ ማለትም ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከፍ ያለው ድምፅዋም ለፀሐይ በምትቀርብበት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ልደት ሲቃረብ ይውላል። ይህ በጆሮ የሚሰማ ሳይሆን በልቡና የሚታወቅ ስምምነት ነው።

እንግሊዛዊው ጉስታቭ ሆልስት ከ1914 ጀምሮ የደረሰው «ፈለኮች» የተሰኘው ሙዚቃ ግን መነሻው ኮከብ ቆጠራ ነበር። መምህራን ልዩነቱን ለልጆች ያስረዱ፤ እንደ ባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የሰማይን ጉዞ መቁጠር ዕውቀት ነው፤ ዕጣ ፈንታን ከኮከብ መጠየቅ ግን በቤተ ክርስቲያን የተከለከለ ነው።

መልመጃ፦ የአራተኛውን ቀን ፍጥረት ሣሉ፤ ፀሐይን ከመካከል ፈቀቅ አድርጋችሁ የምድርን መንገድ በሞላላ አሳዩ። ክራሩ በአንቺ ሆዬ ይቃኝ፤ ግማሽ ድምፅ ይገኝበታልና። አንድ ልጅ መንገዱን በጣቱ ሲከተል፣ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ድምፁ ይውጣ፤ ሲርቅ ይውረድ። በመጨረሻም ጠይቋቸው፦ ይህን ሥርዓት ያኖረው ማን ነው?