ቀብድ ከማስጨበጥሽ በፊት

ነይ እስኪ እዚህ ቁጭ በይ፤ ስልክሽንም አስቀምጪው። ጫንጮ ቤት ተገኘ ብለሽ ፊትሽ ሲበራ ሳይ ደስ ብሎኛል። ከአከራይ ጭቅጭቅ ተገላግሎ በራስ ደጅ ቡና ማፍላት ትልቅ ነገር ነው። ግን ደላላው "ዛሬ ካልያዝሽው ነገ የለም" ስላለሽ ብቻ ቦርሳሽን ልትከፍቺ እንደሆነም ገብቶኛል። ተይ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንደኛ፣ ቤቱ ሳያማልልሽ በፊት ካርታውን እዪ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ሻጩን ይዘሽ የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂጂና ፋይሉ ይውጣ፤ ስሙም ካሬውም ይመሳከር። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ሊዝ እንዳለበት አጣሪ። ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ነውና ማንበብ ካልቻልሽ የራስሽን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ደላላው አያንብብልሽ፣ እሺ የኔ እመቤት?

ሁለተኛ፣ "የገበሬ ቦታ ስለሆነ ነው የረከሰው" ካሉሽ እዚያው ቁሚ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም ይላል፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ፣ "ስጦታ" ወይም "ብድር" የተባለ ወረቀት ቤትሽን አያድነውም። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ሸገር ከተማ ተብለው ሲጣመሩ ሕገወጥ የተባሉ ስንት ቤቶች ፈረሱ! ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለ፣ ልጅ ያሳደገበት ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። አንቺን እንደዚያ ማየት አልችልም። "ካርታው በቅርቡ ይወጣል" ካሉሽ፣ "ሲወጣ እመጣለሁ" በያቸውና ተነሺ።

ሦስተኛ፣ ሻጩን እወቂ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ። በውክልና ከሆነ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ አንብቢ። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ጠይቂ፤ እሱ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል።

አራተኛ፣ ውሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ይሉሻል፤ እምቢ በይ። ነገ ነገሩ ቢበላሽ በእጅሽ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ነው። ገንዘቡም በባንክ ይተላለፍ እንጂ በፌስታል ይዘሽ አትዙሪ። ቀብድ ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ ሻጩ ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፣ አንቺ ብታፈርሺ ግን የሰጠሽው ይቀርብሻል። ስለዚህ ቀብድ የሚሰጠው ካርታው ከተጣራ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ መሬቱን ዝናብ ሲዘንብ እዪው። በታኅሣሥ ፀሐይ ሁሉም ግቢ ያምራል። እዚያ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ግን ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ደካማ ከሆነ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። አዲስ ቀለም አያታልልሽ፤ የመስኮቱንና የበሩን ጥግ በደንብ እዪ። ጎረቤት ቡና ቢጠራሽ ግቢና "ሐምሌ ላይ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?" በይ። መብራትና ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣም እነሱ ይነግሩሻል። ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ በዓይንሽ እዪ።

ስድስተኛ፣ መንገዱን ሞክሪው። ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደርባ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖችም በዚያው ያልፋሉ። በአንድ የሥራ ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ከዚያ ተነስተሽ መሥሪያ ቤትሽ ድረስ ሂጂ፤ ማታም ከሥራ ወደዚያው ተመለሺ። እንቅልፍ እንደምትወጂ አውቃለሁና ይህን ፈተና ሳትገዢ በፊት ውሰጂው።

መጨረሻ፣ ያለሽን ሁሉ ለሻጩ አታስረክቢ። የስም ማዛወሪያ አለ፣ የደላላ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ። ዕቁብሽን፣ የባንኩን፣ የወንድማችንን ብድር አሟጥጠሽ ከገባሽ የመጀመሪያው ክረምት ይፈትንሻል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ንጹሕ ከሆነ አትፍሪ፣ ግዢው፤ ጀበናውን እኔ ነኝ ይዤ የምመጣው። ለአሁኑ ለደላላው ደውይና "ከእህቴ ጋር ፋይሉን ሳናይ ሳንቲም አልሰጥም" በይው። ሰኞ ፈቃድ ውሰጂ፤ አብረን እንሄዳለን።