ጌም ኪቦርዱ «ሞተ» ከመባሉ በፊት

አሰላ ላይ ጌም ኪቦርድ ዝም ሲል መተኪያው ቅርብ አይደለም። ከተማው ውስጥ ካልተገኘ 75 ኪሎ ሜትር ወርዶ አዳማ መፈለግ፣ እዚያም ከጠፋ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ የሰፈር ልጅም የዩኒቨርሲቲ ተማሪም «ሞቷል» ብሎ የሚያመጣልኝን ኪቦርድ ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር አጣራለሁ፤ የሞተው ኪቦርዱ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ ነው አልሰማ ያለው? ከሚመጡልኝ የሚበዙት ኪቦርዶች ጤነኛ ናቸው።

ነቅላችሁ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩት፤ ኮምፒውተሩንም ሪስታርት አድርጉት። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ከነበረ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካ። የዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው፤ ባለብዙ መብራት ኪቦርድ ይህንኑ ከማውስና ከፍላሽ ጋር ሲሻማ ይደክማል። ዝም ያለው መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከሆነ ዴስክቶፑን አጥፍታችሁ ከግድግዳው ንቀሉት፤ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙና መልሳችሁ ሰኩት።

ቀጥሎ እኔ ከሁሉ የምወደው ፍተሻ ይመጣል። በኦቲጂ ኬብል ኪቦርዱን ስልካችሁ ላይ ሰኩትና ቴሌግራም ከፍታችሁ ጻፉ። ከጻፈ ኪቦርዱ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ብሎን መፍቻችሁን መልሱ። ባይጽፍ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ አንዳንድ ባለመብራት ኪቦርድ የስልክ ኃይል አይበቃውም። ያን ጊዜ በጓደኛ ኮምፒውተር ሞክሩት።

ስልክ ላይ ጽፎ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ካለ በጥሞና ተከተሉኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ፊልተር ኪይስ» የሚባል አገልግሎት አለ። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ ሲሆን ነካ ተደርጎ የተለቀቀን ቁልፍ እንዳልተነካ ይቆጥረዋል። ለእነሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ጌም ግን ነካ አድርጎ መልቀቅ ስለሆነ ይህ ሲበራ ኪቦርዱ በድን ይሆናል። የሚበራው ደግሞ የቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ነው። ሁለት ሆናችሁ በአንድ ኪቦርድ ስትጫወቱ በቀኝ በኩል የተቀመጠው ልጅ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚሁ ቁልፍ ላይ ነው። ጊዜው ሲሞላ ድምፅ ይሰማና ይብራ አይብራ የሚል ሳጥን ይመጣል። ጌሙ ስክሪኑን ሞልቶት ከሆነ ሳጥኑን ላታዩት ትችላላችሁ። በዚያ መሃል አንዳችሁ ኢንተር ከነካ ፈቀዳችሁ ማለት ነው።

አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ኪቦርድ በፌስታል ነበር፤ ብሎኖቹ ወልቀዋል፣ ቁልፎቹ ተነቅለዋል፣ ከውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ቀጭን ሽቦም ተበጥሳለች። ላፕቶፑን ስከፍተው ፊልተር ኪይስ በርቶ ነበር። ኪቦርዱ እስኪፈታ ድረስ ምንም አልነበረበትም።

እባካችሁ፣ መፍቻ ከመያዛችሁ በፊት ኖትፓድ ክፈቱና አንዱን ፊደል አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ዘግይቶ ከጻፈ በሽታው ታወቀ። በማውሱ ተጠቅማችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ግቡ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ አክሰሲቢሊቲ፣ 10 ላይ ኢዝ ኦፍ አክሰስ የሚለውን፣ ከዚያ ኪቦርድን ክፈቱ። ፊልተር ኪይስን አጥፉ። በዚህ አትመለሱ፤ እዚያው ያለውን በሺፍት የሚበራበትን አቋራጭም አጥፉት። አቋራጩ ካልተዘጋ በሚቀጥለው ጨዋታ ያው ነገር ይደገማል። ሺፍት 5 ጊዜ ሲነካ የሚመጣውን ስቲኪ ኪይስንም አብራችሁ ዝጉት።

ሌላው ምክንያት ከአማርኛ መጻፊያ ጋር የተያያዘ ነው። ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ከተጫነ የግራ አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋው ሊቀየር ይችላል። በጌም ሩጫ መሃል ደግሞ እነዚህ ሁለቱ መነካታቸው አይቀርም። ወደፊት ለመሄድ የምትጫኑት ቁልፍ «ው» ይሆንና ኮምፒውተሩ ቀጣዩን አናባቢ መጠበቅ ይጀምራል። የቁልፉን ቦታ ብቻ የሚያነብ ጌም አይቸገርም፤ ፊደሉን የሚያነበው ግን ይቆማል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ ነክታችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን ከጀርባ ክፍት ከሆነም ዝጉት። በቁቤ ብቻ የምትጽፉ ይህ አይገጥማችሁም።

አቅጣጫ የሚይዙት አራቱ ፊደሎች ብቻ ዝም ካሉ ኤፍኤን እና ደብልዩን አብራችሁ ንኩ፤ ብዙ ርካሽ ጌም ኪቦርዶች በዚህ ፊደሎቹን ከቀስቶቹ ጋር ያቀያይራሉ። የዊንዶውስ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ኤፍኤንን ከራሱ ከዊንዶውስ ቁልፍ ጋር ሞክሩ፤ ለጌም ተብሎ ተቆልፎ ይሆናል።

ቁልፎቹ ለየብቻ እየሠሩ ሁለት ሰው ሲጫወት ብቻ የሚጠፉ ከሆነ ብልሽት አይደለም። ርካሽ ኪቦርድ ቁልፎቹን የሚያነበው በረድፍና በዓምድ በተዘረጉ መስመሮች ነው፤ ሦስት አራት ቁልፍ አብሮ ሲነካ የትኛው እንደተጫነ መለየት ያቅተውና አንዱን ይተወዋል። ጥገና የለውም፤ አንዳችሁ ጆይስቲክ ያዙ ወይም የቁልፎቹን ምድብ ቀይሩ።

ይህ ሁሉ ታልፎ አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ እምቢ ሲል ነው መጽዳት ያለበት። በእኛ ደጋ ገብስ ሲወቃ ብናኙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ከመከር በኋላ የሚመጡልኝ ይበዛሉ። ኪቦርዱን ነቅላችሁ የቁልፎቹን አቀማመጥ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ቁልፎቹን አውልቃችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ የተጣበቀውን በጥቂት አልኮል በረጠበ ጥጥ አንሱ። ሻይ ከፈሰሰበት ያኔውኑ ንቀሉት፣ ገልብጡት፣ ሁለት ቀን አቆዩት። በክረምት ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ ከተጣመመ አይመለስም።

መግዛት ግድ ከሆነ ባለገመድ ግዙ፤ ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከተገኘ እሱን ምረጡ፣ ቶሎ የሚበጠሰው ገመዱ ነውና። የኦቲጂ ኬብላችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ሳትሞክሩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።