ግመሏን ማሰር ከአሸንዳው ይጀምራል



ስለ ቤት ጥበቃ በተነሳ ቁጥር ከሰው አንደበት የምንሰማቸው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «አላህ ይጠብቀዋል» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ ጥቂት ገንዘብ ያለው ወይም ውጭ አገር ልጅ ያለው ሰው የሚሰጠው፣ «ኢንሹራንስ ገብቼበታለሁ» የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ከአላህ በቀር ጠባቂ የለም። ሁለተኛውም ውሸት አይደለም፤ ውሉ ተፈርሟል፣ አረቦኑም ተከፍሏል። ነገር ግን ሁለቱም መልሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት አሸንዳው ተገንጥሎ ውኃው ግድግዳውን ታክኮ እየወረደ ሳለ መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በዚህ ጽሑፍ ውሉ የሚክሰውንና የማይክሰውን፣ የቤት ጉዳትም ከየት እንደሚጀምር አብረን እንመልከት።

በሀገራችን የመድን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም የመድኑን ክፍል ሳይነካው አልፏል። ሕጉ መድን ሰጪው ድርጅት ለድንገተኛ አደጋ፣ አልፎ ተርፎም ከመድን ገቢው ቸልተኝነት ለመጣ ጉዳት እንዲክስ ያዛል፤ ሆን ተብሎ ለተደረገ ጥፋት ግን አይክስም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ቸልተኝነትም ይካሳል!» ብሎ ማንበቡን ያቆማል። ማቆም አይገባም። ያው ሕግ ጉዳቱ ከንብረቱ ከራሱ ጉድለት የመጣ እንደሆነ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ድርጅቱ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ፖሊሲዎቹም እርጅናን፣ ዝገትን፣ መበስበስን፣ ምስጥንና ቀስ በቀስ የሚሰርግ እርጥበትን በስም እየጠሩ ከካሳው ውጭ ያደርጓቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድን የቆመው ሊደርስም ላይደርስም በሚችል አደጋ ላይ ነው። እርጅና ግን መምጣቱ አይቀርም።

ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በምኖርበት ሰፈር ያሉ አንዲት እናት ግን ዋጋውን ከፍለውበታል። ከዋናው ቤታቸው ጀርባ ሁለት የጭቃ ሰርቪስ ክፍሎች ነበሯቸው፤ የሚተዳደሩትም በእነሱ ኪራይ ነበር። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ግቢውን በሙሉ ለእሳት፣ ለመብረቅ፣ ለዐውሎ ነፋስና ለጎርፍ ኢንሹራንስ አስገብታላቸዋለች። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ የጀርባው ግድግዳ ተናደ። አልሐምዱሊላህ፣ ተከራዮቹ ለፈጅር ሶላት ተነስተው ስለነበር የሰው ሕይወት አልጠፋም። ከድርጅቱ ገማች በመጣ ቀን ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠርተውኝ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰውዬው የወደቀውን ትቶ ያልወደቀውን ነበር የሚመረምረው። ከቆመው ግድግዳ ሥር ልስኑን በጣቱ ነካ ቢያደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ቋሚዎቹ እንጨቶች ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ባለው ቦታ በስብሰዋል። ከጣራው ጫፍ እስከ መሬት ድረስ ውኃ ሲወርድበት የኖረ አረንጓዴ መስመር ይታያል። «ይህ የአንድ ሌሊት ዝናብ ሥራ አይደለም፤ የዓመታት ነው» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤም ያንኑ በሕግ ቋንቋ ደገመው።

እናታችን «ግፍ ነው!» አሉ። በወር በወር ይገባ የነበረ ገቢ በአንድ ሌሊት ሲቆም ልብ መሰበሩ አይፈረድበትም። እኔ ግን ውሉን ሁለት ጊዜ አንብቤ «ግፍ ነው» ለማለት አልደፈርኩም። የምወቅሰው ነገር ቢኖር ውሉ ሲሸጥ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ የማይካሰውን ነገር በአማርኛ ዘርዝሮ ያላስረዳቸው መሆኑን ነው። አረቦን ለመቀበል የፈጠነ ሰው ለማስረዳትም ጊዜ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ወደ መጀመሪያው መልስ እንመለስ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ያሰበን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም ማለት ይቻላል። ብዙም የማይነሳው ግን በቀጥታ ስለ ቤት የተነገረው ነው። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በደረሳቸው ጊዜ እሳት የሰው ጠላት መሆኑን ገልጸው፣ ወደ መኝታ ሲኬድ እንዲጠፋ አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል እንደምትችል ይገልጻሉ። ልብ በሉ! አደጋው ከየት ሊነሳ እንደሚችል እስከ አይጧና እስከ ክሩ ድረስ ወርዶ የሚያሳይ ትምህርት ነው። ተወኩልን ከጥንቃቄ ጋር የሚያጣላ ሰው ይህን የት እንደሚያደርሰው አላውቅም።

ወደ ውኃው ልምጣ፤ ከእሳት ይልቅ ብዙ ቤት የሚበላው እሱ ነውና። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጣራችሁ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ከጣራው ይወርዳል። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ በአማካይ ወደ 250 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። ይህ ለዚያው ጣራ 15,000 ሊትር፣ 75 በርሜል ነው! አሸንዳ ከሌለ ወይም በቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ የሚፈሰው ግድግዳው ሥር ነው። ሰባ አምስት በርሜል ውኃ በእጃችን እየቀዳን መሠረታችን ላይ እናፍስ ብንባል «እብድ ነህ?» እንል ነበር።

ከዚያ በኋላ ውኃው ሥራውን በየመልኩ ይሠራል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከመሬት እየነጠረ ልስኑን ያነሳል፤ ጭቃው ርሶ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ የረጠበ እንጨት ደግሞ ለምስጥ ድግስ ነው። ብሎኬት ከሆነ እርጥበቱ ወደ ላይ ተስቦ ቀለሙን ያሳብጣል፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቀለም ይገዛል። በሽታውን ትቶ ልብሱን መቀየር ይሏችኋል ይህ ነው! በቦሌና በአቃቂ አካባቢ እንደሚታየው ቤቱ ዋልካ አፈር ላይ ያረፈ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱ አንዱ ጎኑ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ብቻውን የትም አያደርስም። ውኃው በአንድ በኩል ብቻ መሠረቱ ሥር እንዳይጠራቀም ማድረግ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ከበሽታው ይልቅ ርካሽ ነው። በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ አሸንዳውን ማጽዳት፤ መጋጠሚያውን ማየት፤ መውረጃ ቱቦው ውኃውን ግድግዳው ሥር ሳይሆን ቦዩ ውስጥ መጣሉን ማረጋገጥ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ማድረግ፤ አቅም ካለ በሲሚንቶ ማልበስ። አበባና ጎመን ግድግዳ ሥር ተክሎ ጠዋት ማታ ማጠጣትን እህቶች ይቅር ይበሉኝና አልደግፈውም። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ለማወቅ ጣራ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ኮርኒስ ከሌለ በቀትር በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ቀና ማለት ይበቃል፤ ብርሃን የገባበት ሁሉ ውኃም ይገባበታል። ኮርኒስ ካለ የበልግ ዝናብ የሚተወውን ቡናማ ክብ ተከትሎ ከበላዩ ያለውን ምስማር መፈለግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምስማሩ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ይገኛል።

አሸንዳ የጎረቤት ሐቅም አለበት። የራስን ውኃ ወደ ጎረቤት ግድግዳ አዙሮ «የእኔ ቤት ደህና ነው» ማለት አይቻልም። በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ የተላለፈ አንድ ዘገባ አለ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስ (ረ.ዐ) በዑመር (ረ.ዐ) መንገድ ላይ የሚፈስ አሸንዳ ነበራቸው። ዑመር ለጁሙዓ ለብሰው ሲያልፉ ከጫጩት ደም ጋር የተቀላቀለ ውኃ ወረደባቸውና አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ። ዐባስ መጥተው ቦታውን የመረጡት ረሱል ራሳቸው እንደነበሩ ሲነግሯቸው፣ ኸሊፋው ዐባስን በጀርባቸው ላይ አቁመው አሸንዳውን እንዲመልሱት አደረጉ። እኛ ዘንድ ግን በአሸንዳ ምክንያት ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤታሞች ስንት ናቸው?

ስለ እሳት ባጭሩ ልናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአማካይ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ይህን ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ወይም ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁና ካውያው በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ መጨመር እሳት መጥራት ነው። ምጣድ ከብሬከሩ የተነሳ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ፣ የጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አይሠራበት። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ መቀየር ወይም ፊውዙን በወፍራም ሽቦ መጠምጠም ጠባቂውን ገድሎ በሩን እንደመክፈት ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትማ ቤቱ ባይነካ እንኳ ሰዎቹን የሚገድል ነው፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ሲነሳ የሚደወለው ወደ 939 ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በሚገባ የጠበቁት ቤትም አደጋ ሊያገኘው ይችላልና። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቤቱን ባስመዘገበበት ዋጋ ነው። ቤታችሁን እንደገና ለመሥራት 4,000,000 ብር የሚያስፈልግ ሆኖ ከዓመታት በፊት በ1,000,000 ብር ብቻ አስመዝግባችሁት ከነበረ፣ ማድ ቤቱ ተቃጥሎ 400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 400,000 አይከፈላችሁም። ሩቡን ስላስመዘገባችሁ ሩቡን፣ ማለትም 100,000 ብር ታገኛላችሁ፤ የቀረውን ራሳችሁ ተሸካሚ ናችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በፊት የተሞላ ቅጽ ዛሬ ላይ እንደገና መታየት አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ የሽያጭ ዋጋ የሚያስመዘግቡ አሉ። ቦታ አይቃጠልም! የሚመዘገበው ቤቱን መልሶ መሥሪያው ነው፤ ከጉዳቱ በላይ ማንም አይከፍልምና ትርፉ አረቦን በከንቱ ነው።

ጉዳት ሲደርስ ሕጉ ባወቁ በአምስት ቀን ውስጥ ለድርጅቱ እንዲያሳውቁ ያዛል፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውንም ያዙ። ፍርስራሹን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ጣራው ክፍት ሆኖ ዝናቡ የቀረውን እንዳያበላሽ ግን ሸራ ማልበስ የእናንተ ግዴታ ነው። የአሸንዳ፣ የቆርቆሮና የኤሌክትሪክ ጥገና ደረሰኞችን አትጣሉ። ገማቹ «የዓመታት ነው» ሲል የሚመልስለት የእናንተ ንግግር ሳይሆን ያ ደረሰኝ ነው።

«ይህ ሁሉ ስለ ኢንሹራንስ ሲባል ሸሪዓውስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ ቋሚ አረቦን ያለው የንግድ ኢንሹራንስ በውስጡ ባለው ከባድ ገረር የተነሳ እንደማይፈቀድ፣ በትብብርና በተበሩዕ ላይ የቆመው ግን አማራጭ መሆኑን ወስኗል። በሀገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ በሩ ተከፍቷል። በተካፉል አባላቱ መዋጮአቸውን ለጋራ ቋት ይለግሳሉ፤ አደጋ የደረሰበት ከዚያ ይረዳል፤ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እንጂ የቋቱ ባለቤት አይደለም። እንግዲህ እዚህ ላይ የአሸንዳው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። በንግዱ ኢንሹራንስ «የድርጅቱ ገንዘብ ነው» ብሎ ራሱን የሚያታልል ይኖር ይሆናል። በተካፉል ግን እኔ ሳላጸዳ ለቀረሁት አሸንዳ የሚወጣው ገንዘብ የአስተማሪው፣ የልብስ ሰፊዋና መርካቶ ውስጥ የሚነግደው ወንድሜ ልገሳ ነው፤ እጃችን ላይ ያለ አማና ነው።

ልትፈርሙ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የማይካሱት ጉዳቶች ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠኛል ወይ? ከእያንዳንዱ ጉዳት መጀመሪያ እኔ የምሸከመው ስንት ነው? በዓመቱ መጨረሻ ቋቱ ውስጥ ትርፍ ቢገኝ ለአባላት ይመለሳል ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል? የሦስተኛው መልስ ከውል ውል ስለሚለያይ በቃል ሳይሆን በተጻፈው ላይ በጣታቸው እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ።