ጀልባ ሲገዙ ጎንበስ ብለው ተሳቢውን ይዩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ሐዋሳ ላይ ያገለገለ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሊገዛ ሲደራደር አብሬው ነበርኩ። ጀልባው 5 ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩ አንዴ ሲነካ ይነሳል። ደላላው ስለ ሞተሩ ብዙ ተናገረ። ወዳጄም ጆሮውን ሰጠ እንጂ ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ሆድ አላየም። ጀልባው ከተሳቢው ሳይወርድ ሒሳቡ ተዘጋ።

ሐይቁ ላይ ሲወርድ ግን አልፈጥን አለ። አራት ሰው ሲጭን አፍንጫውን ደፍቶ ውኃውን በደረቱ ይገፋል። ጥፋቱ የከፍታው ነው ተባለ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሐዋሳም ሆነ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ጣና ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ጉልበት የለም። ወዳጄ ሁለት ጊዜ ፕሮፔለር ቀየረ፤ ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ አንድ የጀልባ ጠጋኝ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ከጀልባው ሆድ ሥር፣ ከኋላ ጀምሮ አስጠግቶ ሲይዘው በዘንጉና በሆዱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ጀልባውን ያጎበጠው ሐይቁ ሳይሆን የተቀመጠበት ተሳቢ ነበር።

ጀልባ ውኃ ላይ ሲሆን ክብደቱን ውኃው ከሥር ተከፋፍሎ ይሸከምለታል። ተሳቢ ላይ ሲወጣ ያው ክብደት በጥቂት ቦታዎች ላይ ያርፋል። አንድ ቶን የሚመዝን ጀልባ ስምንት የጎማ ሮለሮች ላይ ቢቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሮለር በአማካይ 125 ኪሎ የሚሆን ክብደት ከመዳፍ ባነሰ ቦታ ይቀበላል። ይህም መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጫናው በቅጽበት ይበረታል።

በጣም የሚጎዳው የኋላው ክፍል ነው። ሞተሩ፣ ባትሪውና ብዙ ጊዜም የቤንዚን ታንከሩ ያሉት እዚያ ነው። የተሳቢው ተሸካሚ ጣውላዎች ሞተሩ ከሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ቀድመው ካለቁ፣ ያ ሁሉ ክብደት ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል። ከጊዜ ብዛት የኋላው ጫፍ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ጣውላው ያለቀበት ቦታ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ጀልባው ሲፈጥን ይህ ጉብጠት የኋላውን ክፍል ወደ ላይ ስለሚገፋው አፍንጫው ይደፋል። ለፈጣን ጀልባ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉብጠት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጫን ሰዓት ነው። ተሳቢው ውኃ ውስጥ በቂ ያህል ካልገባ የጀልባው አከርካሪ ከተሳቢው አግዳሚ ብረት ጋር ይጋጫል። ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ ጀልባው ይንሳፈፍና ንፋስ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ተሳቢው ሲወጣ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል፤ የጣውላው ጠርዝም ሆዱን ይወጋዋል። የተሳቢው ጎማ መከላከያ ከውኃው ወለል ጋር ሲስተካከል ለብዙ ጀልባዎች መነሻ የሚሆን ልክ ነው። በሞተር ጉልበት ተሳቢው ላይ መውጣት ለተመልካች ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፕሮፔለሩ መውረጃውን ይቦረቡራል፣ አከርካሪውም ይላጋል። ዊንቹ የተሠራው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ገዢ ምን ይፈትሽ? በመጀመሪያ ጣውላዎቹ እስከ ኋላ ግድግዳው ድረስ መድረሳቸውን፣ አከርካሪው በርግጥ የሚያርፍበት ነገር መኖሩንና የተሳቢው ባሌስትራ አለመሰበሩን። ቀጥሎ ሆዱን በሳንቲም ወይም በፕላስቲክ መዶሻ እያንኳኩ መሄድ ነው። ጤነኛ ፋይበር ግላስ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀ ወይም ውስጡ የራሰ ከሆነ እንደ ካርቶን ይደነቁራል። ሮለሮቹ ባሉበት ቦታ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ገጽ ካዩ ከውስጥ በኩል ደግሞ ይመልከቱ። የውስጥ አውታሮቹ ከሆዱ ጋር ከተጣበቁበት ተላቀው ከሆነ ወለሉ ካልተነሳ አይጠገንም፤ ዋጋው መውረድ ያለበት እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተቀባ ሆድ ያየ ገዢ ይጠርጥር። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መርጨት ለመኪና በር እንጂ ጫና ለሚሸከም ጀልባ ጥገና አይባልም።

እውነተኛው ጥገና ጊዜ ይወስዳል። ጀልባው ከጫናው ተነስቶ በደንብ ይደርቃል። ገጹ ከመፋቁ በፊት በአሴቶን ይታጠባል፤ አለዚያ የቆየው ሰም ከብርጭቆ ወረቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የተሰነጠቀው ክፍል ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ በግራይንደር ይፋቃል፤ ጠርዙም ቀስ እያለ እንዲሳሳ ይደረጋል። የተለመደው ልክ 12 ለ 1 ነው፤ የሆዱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የብርጭቆ ጨርቁ በሬዚን እየራሰ ይደረደራል። ለፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያው በክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ በዓይን ግምት የሚጨምር ሠራተኛ ሥራዎን ያበላሻል። ማጠንከሪያውና ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ ስለዚህ አንዱ አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር መዋሃድ አለበት። ከ15 ዲግሪ በታች ሬዚኑ አልደርቅ ይላል፤ በክረምት አዲስ አበባ ላይ ማታ ማታ መሥራት ትርፍ የለውም። ኤፖክሲ ደግሞ የበለጠ ይይዛል፤ ነገር ግን ተራ ጄልኮት በላዩ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ቀለሙ ከወዲሁ ይታሰብበት።

ሬዚኑም ጨርቁም በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የጥገና ሒሳብ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ሁለት ጣውላ ማስረዘም ግን ዛሬም የአንድ አናጢና የአንድ በያጅ ሥራ ነው።

ጣውላው ሰፋ ያለ ሆኖ በቁመት፣ በተቻለ መጠን ከውስጥ አውታሮቹ ትይዩ ይቀመጥ። አከርካሪው ዋናውን ክብደት ይሸከም፤ የጎኖቹ ድጋፍ ጀልባው እንዳያዘነብል ነው። ሮለር ያለበት ተሳቢ በደፈናው መጥፎ አይደለም፤ ቁጥራቸው ከበዛና ጫናውን እኩል ከተካፈሉ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ጀልባ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ይወጣል። ሲወርድ ወደ ዊንቹ ይገፋል፤ ሲወጣ በኋላ ማሰሪያዎቹ ላይ ይንጠለጠላል። የዊንቹ ገመድ ብቻውን ማሰሪያ ስላልሆነ የሰንሰለት መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ማሰሪያው ጠበቅ ይበል እንጂ ሆዱን እስኪያጎብጥ አይወጠር፤ ከመጀመሪያዎቹ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትሮች በኋላም ወርዶ ማየት ነው። ቤንዚኑ ባዶ ወይም ጥቂት ይሁን። ውኃ የነካው የተሳቢ ኩሽኔታም ግራሶ ይፈልጋል።

የሚረሳው ነገር ዝናብ ነው። ወለሉ 5 ካሬ ሜትር የሆነ ጀልባ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢጠራቀም ግማሽ ቶን ይሆናል። በክረምት የውኃ ማፍሰሻው ሳይከፈትና አፍንጫው ከፍ ሳይል የቆመ ጀልባ፣ መንገድ ሳይወጣ ግቢ ውስጥ ሆዱ ይጎብጣል። ከጣና ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ተሳቢውና ጀልባው ታጥበው እንዲደርቁ ይደረግ፤ እምቦጭ ከጎማና ከጣውላ ሥር ተደብቆ ይጓዛል።

ወዳጄ ጣውላዎቹን አስረዘመ፤ ጀልባውን ፀሐይ ላይ በትክክል ደግፎ ለወራት አቆየው። ጉብጠቱ ጥቂት ተመለሰ እንጂ አልጠፋም። ወለሉን አንስቶ ለማስጠገን የተጠየቀው ገንዘብ ጀልባውን ከገዛበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ስለነበር ተወው። በዝግታ ሲሄድ ጉብጠቱ ብዙም አያስቸግርም፤ አሁን ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን እያዘገመ ያዞርበታል።